መድኃኒቱና ማሟሚያው
በደም ሥር የሚሰጡ የልብ መድኃኒቶች ታሪክ አንድ ገጽታ

በአዲ አርቃይ ወረዳ ከምትገኘው ከዛሪማ ከተማ ወደ ጎንደር የሚላክ የልብ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሊማሊሞን አቀበት መውጣት አለበት። ሞቃቱን ቆላ ትቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እንኳ ጎንደር ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። አብሮት የሚሄደው የሪፈራል ወረቀት የበሽታውን ስም፣ የደም ግፊቱን ልክ፣ የተሰጠውን መድኃኒትና መጠኑን ይናገራል። መድኃኒቱ በምን ፈሳሽ ውስጥ ሟምቶ እንደ ነበረ ግን አይናገርም። ይህ የዛሪማ ወይም የኢትዮጵያ ልማድ ብቻ አይደለም። በለንደንም ሆነ በኒው ዮርክ የሕመምተኛ መዝገብ ላይ ማሟሚያን የሚጽፍ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሆኖም በመርፌ የሚሰጡ የልብ መድኃኒቶች ካደረሱት ጉዳት ከፊሉ የመድኃኒቱ ሳይሆን የማሟሚያው ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህንም ለማወቅ የሕክምናው ዓለም ብዙ ዓመታትን ወስዷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። የደም ሥር በሚገባ የሟሟ ነገር ካልሆነ በቀር አይቀበልም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ብዙዎቹ የልብ መድኃኒቶች ግን ስብ ወዳድ በመሆናቸው በውሃ ውስጥ አይሟሙም። ስለዚህ አምራቹ አልኮል፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም እንደ ሳሙና ያለ ባሕርይ ያለው ፖሊሶርቤት 80 ይጨምራል። እነዚህ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች በመመሪያው ላይ «ሥራ የሌላቸው» በሚል ርእስ ሥር ይዘረዘራሉ። ስያሜው ለዘመናት ብዙዎችን አዘናግቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መድኃኒትን በሌላ ነገር አሟሙቶ ወይም በጥብጦ መስጠት ለሰሜን ጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዛሪማ በላይ ባለው ደጋ የሚበቅለው ኮሶ ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ከገባ በኋላ በቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሟል፤ ስለ ኮሶም በጉዞ መጽሐፉ በሥዕል አስደግፎ ጽፏል። ከዚያ 15 ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1785፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ዲጂታሊስ የተባለውን ተክል ለሰውነት እብጠት የተጠቀመበትን ልምዱን አሳተመ። የዊዘሪንግ ማሟሚያ የፈላ ውሃ ነበር። የሚያሳስበው የቅጠሉ መጠን ብቻ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታና የልብ ምት መዘግየት እንደሚከተሉ በጥንቃቄ መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ሲድኒ ስሚዝ በእንግሊዝ አገር ዲጎክሲንን ከሌላው የዲጂታሊስ ዝርያ ለይቶ ካወጣ በኋላ ግን ውሃ ብቻውን አልበቃም። በሰፊው በሚታወቀው የዲጎክሲን መርፌ ዝግጅት ውስጥ 40 በመቶው ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ 10 በመቶው ደግሞ አልኮል ነው። ግማሽ ሚሊ ግራም መድኃኒት ከሚይዘው የ2 ሚሊ ሊትር አምፑል ግማሹ ማሟሚያ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ በጥቂት መጠን ስለሚሰጥ ማሟሚያው በአዋቂ ሰው ላይ ይህን ያህል ችግር አልፈጠረም። ምናልባትም ክፉው ነገር ይህ ነው፤ ሐኪሞች ከዲጎክሲን የተማሩት ማሟሚያ የማይታሰብበት ነገር መሆኑን ነበርና። ያም ሆኖ መርፌውን ከአራት እጥፍ ባነሰ ፈሳሽ የሚያቀጥን ነርስ መድኃኒቱ ሊዘቅጥበት ይችላል፤ ማሟሚያው ሲሳሳ መድኃኒቱን አቅፎ የመያዝ ኃይሉን ያጣልና። በጡንቻ ሲወጋም ሕመሙ ብርቱ ከመሆኑም በላይ ሥጋን ያሞታል።

ማሟሚያ ሰውን እንደሚገድል ዓለም በይፋ የተረዳው በልብ መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሚገኝ ማሴንጊል የተባለ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድን ለሕፃናት በሚመች ፈሳሽ መልክ ለማቅረብ አሰበ። የኩባንያው ኬሚስት መድኃኒቱ በዳይኢቲሊን ግላይኮል ውስጥ በደንብ እንደሚሟሟ አገኘ። ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ተመረመረ፤ መርዛማነቱ ግን አልተመረመረም። ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በወቅቱ የነበረው ሕግ መርዛማ መድኃኒት መሸጥን በግልጽ ስለማይከለክል፣ መንግሥት ምርቱን የሰበሰበው «ኤሊክሲር» ተብሎ አልኮል የሌለበት በመሆኑ፣ ይኸውም በስያሜ ማሳሳት ምክንያት ነበር። በተከታዩ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ አስገደደ። ሰልፋኒላማይዱ ራሱ በዚያ ሁሉ ሞት ውስጥ ጥፋት አልነበረበትም።

ፕሮፒሊን ግላይኮል በስሙ የዚያ መርዝ ዘመድ ቢመስልም በሰውነት ውስጥ ያለው ዕጣ ሌላ ነው። ጉበት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል፤ የቀረውን ኩላሊት ያስወግደዋል። ስለዚህ በጥቂቱ ለምግብ ሳይቀር ተፈቅዷል። በብዛትና በፍጥነት ወደ ደም ሥር ሲገባ የሚያደርገው ግን የታወቀው በፌኒቶይን ምክንያት ነው።

የፌኒቶይን ታሪክ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። መድኃኒቱ የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ እ.ኤ.አ. በ1938 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1950 የልብ ደም ሥራቸው በተቋጠረባቸው ውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ የልብ ምት መዛባትንም እንደሚያስተካክል ታየ። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በ1960ዎቹ፣ ዲጂታሊስ በዝቶባቸው የልባቸው ምት ለተዛባ ሕመምተኞች በደም ሥር መሰጠት ጀመረ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያማረ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን መርፌው ተሰጥቶ ሳያልቅ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም ፈጽሞ ይቆማል። ሕመምተኛው ቀድሞውኑ ልቡ የታመመ ስለ ነበር ሞቱን ለበሽታው ወይም ለፌኒቶይን መስጠት ቀላል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሉዊስ፣ ኩትና ማክዳወል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ጥያቄውን በሌላ በኩል አነሣው። ለድመቶች የተዘጋጀውን የፌኒቶይን መርፌ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት የሌለበትን ማሟሚያም ለብቻው ሰጡ። ማሟሚያው ብቻውን የደም ግፊትን አወረደ፣ የልብን ምት አዘገየ፣ በኤሌክትሮካርዲዮግራሙም ላይ ለውጥ አሳየ። የማሟሚያው ይዘት 40 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮልና 10 በመቶ አልኮል፣ ማለትም ከዲጎክሲኑ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ዲጎክሲን በ1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ሲያልቅ አንድ ግራም ፌኒቶይን ለመስጠት 20 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ 8 ሚሊ ሊትሩ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ነርስ የሚያውቀው «በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም አይለፍ» የሚለው ደንብ መሠረቱ ይህ ዓይነቱ ልምድ ነው። ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ደንቡን በቃል የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱን የሚያውቁ ግን ያነሱ ይመስላል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው በተጣደፈ ጊዜ ደንቡን ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ፎስፌኒቶይን በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮል የለበትም። ሆኖም በፍጥነት ሲሰጥ በልብና በደም ግፊት ላይ ስለሚያደርሰው አደጋ እርሱም ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በማሟሚያው ላይ መጫንም ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱም የራሱ ድርሻ አለው።

ፌኒቶይን በመርፌ የማይገኝበት ጤና ጣቢያ ይህ ታሪክ እንደማይመለከተው ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የዳያዜፓም መርፌም በብዙ ዝግጅቶቹ ያንኑ 40 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮልና 10 በመቶ አልኮል ይዟል፤ ቤንዚል አልኮልም ይጨመርበታል። አንድ አምፑል ለሚንቀጠቀጥ ሰው ሲሰጥ መጠኑ ኢምንት ነው። መንጋጋ ቆልፍ ለያዘው ሕመምተኛ በቀን 120 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ግን 12 አምፑል፣ ማለትም 24 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 10 ግራም ያህሉ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ በምግብ በኩል በቀን ሊወሰድ ይችላል ያለው ከፍተኛ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 25 ሚሊ ግራም ነው። ለ50 ኪሎ ግራም ሰው ይህ ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። ከምግብ ልክ በስምንት እጥፍ በልጦ መገኘቱ ብቻውን መርዝ ሆኗል አያሰኝም፤ ሕይወትን የሚያድን ሕክምናም ስለዚህ አይቀርም። ነገር ግን ኩላሊቱ በደከመ ሕመምተኛ ትንፋሹ ሲፈጥንና ደሙ አሲድ ሲሆን በሽታው ባሰበት ከማለት በፊት የገባለትን አምፑል መቁጠር ያስፈልጋል።

አሚዮዳሮን በሌላ መንገድ መጥቷል። በሜዲትራኒያን ምሥራቅና በግብፅ ኬላ የሚባል ተክል ለኩላሊት ጠጠር ሕመም ይጠጣ ነበር። በካይሮ ይሠራ የነበረው አንሬፕ የተባለ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከዚህ ተክል የሚገኘው ኬሊን የልብን ደም ሥር እንደሚያሰፋ በ1940ዎቹ አስተዋለ። ከኬሊን የተነሡ የቤልጂግ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 አሚዮዳሮንን ሠሩ። በመጀመሪያ ለደረት ውጋት የታሰበ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲንግና ቮን ዊልያምስ በልብ ምት ላይ ያለውን ኃይል አሳዩ፤ በአርጀንቲና ደግሞ ሮዘንባውምና ባልደረቦቹ በሕመምተኞች ላይ በሰፊው ተጠቀሙበት። በመርፌ የሚሰጠው ዓይነት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ይህ መድኃኒት እጅግ ስብ ወዳድ ስለሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮል አይበቃውም። በተለመደው ዝግጅት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም አሚዮዳሮን ጋር 100 ሚሊ ግራም ፖሊሶርቤት 80 እና 20 ሚሊ ግራም ያህል ቤንዚል አልኮል አለ። ከመድኃኒቱ ማሟሚያው እጥፍ ይሆናል። ፖሊሶርቤት 80 በውሾች ላይ ሂስታሚን እያስወጣ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ያም ሆኖ መርፌው በተሞከረባቸው ሕመምተኞች ከ100 ሰዎች በ16ቱ ላይ የታየው የደም ግፊት መውረድ ለረጅም ጊዜ የአሚዮዳሮን የራሱ ጠባይ ተደርጎ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ልባቸው ለቆመ ሰዎች አሚዮዳሮን ሲሰጥ በሕይወት ሆስፒታል የሚደርሱት ቢጨምሩም፣ የደም ግፊታቸው የሚወርድባቸውና ልባቸው የሚዘገይባቸውም በዝተው ታዩ። በዚያ ጥናት ማነጻጸሪያው ፈሳሽ ራሱ ፖሊሶርቤት 80 መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ፖሊሶርቤትም ቤንዚል አልኮልም የሌለበት አሚዮዳሮን ተሠርቶ ሲሞከር በፍጥነት ቢሰጥም የደም ግፊትን እንደ ቀድሞው አላወረደም። በሳይክሎዴክስትሪን የተዘጋጀ ሌላ ዓይነትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚሁ ዓይነት ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ በሕይወት ከሆስፒታል የወጡት በአሚዮዳሮን 24.4 በመቶ፣ በሊዶካይን 23.7 በመቶ፣ መድኃኒት ባልተሰጣቸው 21 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። ማሟሚያውን ማስወገድ አንድን ጉዳት ያስቀራል እንጂ መድኃኒቱን ተአምረኛ አያደርገውም።

አሮጌው ዝግጅት ግን በርካሽነቱ ምክንያት በብዙ አገሮች አሁንም የሚሠራበት ነው። ከእርሱም ጋር ጠብታ ቆጥረው ለሚሰጡ ባለሙያዎች በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ፖሊሶርቤት እንደ ሳሙና የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላ ከቱቦው የሚወርደው ጠብታ ከተለመደው ያነሰ ይሆናል። በማሽን ሳይሆን በጠብታ ቆጠራ የሚሰጥ ከሆነ ሕመምተኛው ከታዘዘለት እስከ 30 በመቶ የጎደለ መጠን ሊያገኝ እንደሚችል የአምራቹ መመሪያ ያስጠነቅቃል። ቆጣሪው አልተሳሳተም፤ ጠብታው ነው ያነሰው። በተጨማሪም ይኸው ፖሊሶርቤት ከፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ ማለስለሻ ኬሚካልን እየሳበ ያወጣል፤ መድኃኒቱም በፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ በጠርሙስ ወይም ፒቪሲ ባልሆነ ከረጢት፣ በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ እንዲሰጥ የታዘዘው ለዚህ ነው። ፌኒቶይን በአንጻሩ በዴክስትሮዝ ውስጥ ይዘቅጣል፤ የሚቀጥነው በኖርማል ሳላይን ነው። ሁለቱን ማለዋወጥ በሌሊት ተረኛ ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው።

ቤንዚል አልኮልን በሚመለከት ዋጋውን የከፈሉት ጨቅላ ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሁለት የሐኪሞች ቡድኖች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ የ16 ሕፃናትን ሞት ገለጹ። ሕፃናቱ የተሰጣቸው መድኃኒት አልነበረም፤ የደም ሥር ቱቦን ለማጠብ የሚያገለግል፣ ቤንዚል አልኮል የተጨመረበት ፈሳሽ ነበር። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ደማቸው አሲድ እየሆነ ሞቱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በፖሊሶርቤት የተዘጋጀ የቫይታሚን ኢ መርፌ ከ38 ሕፃናት ሞት ጋር ተያይዞ ከገበያ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው ደግሞ ማሟሚያው ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ነው። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሮፒሊን ግላይኮል ተብሎ የተሸጠ ዳይኢቲሊን ግላይኮል በፓራሲታሞል ሽሮፕ ውስጥ ገብቶ 47 ሕፃናት ሞቱ። በጋምቢያም ስለደረሰው ተመሳሳይ ጥፋት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የ1937ቱ መርዝ ከ80 ዓመታት በላይ አልፎም አልጠፋም።

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 176/1991 ለብቻው መሥሪያ ቤት ተቋቋመለት፤ ይህም በአዋጅ 661/2002 ተስፋፋ፤ በአዋጅ 1112/2011 ደግሞ የዛሬውን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መልክ ያዘ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጉዳት መከታተያ መርሐ ግብር አባል ሆናለች። የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያው ቅጽ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን የንግድ ስያሜውን፣ አምራቹንና የባች ቁጥሩን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚቀረው ይህ ቦታ ሳይሆን አይቀርም፤ አምፑሉ ከካርቶኑ ወጥቶ ሲታደል መመሪያው ወረቀት በመጋዘን ይቀራልና። ማሟሚያው የሚታወቀው ግን በዚያ ብቻ ነው። ሁለት ፋብሪካዎች የሚያወጡት ተመሳሳይ ስም ያለው መርፌ በሁለት የተለያዩ ፈሳሾች ሊሟሟ ይችላል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች አንዱ ጤና መኮንን ነበር፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር ብቻውን የሚወስን ባለሙያ። በሊማሊሞ ግርጌ ያለው ተተኪው ዛሬ ሕመምተኛውን ወደ ጎንደር ሲልክ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ጽፎ ይፈርማል። በመንገድ ላይ የደም ግፊቱ ቢወርድ ተቀባዩ ሐኪም የሚጠይቀው መርፌው በስንት ደቂቃ እንደ ተሰጠ፣ በምን ፈሳሽ እንደ ቀጠነ፣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደ ነበረ ነው። ባዶው አምፑል በፕላስተር ከወረቀቱ ጋር ተያይዞ ከመጣ ሦስተኛው ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው፤ ሁለቱን በጀርባው መጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል።